የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፊልምን ከሙቀት መጠበቅ

ክበባችን በዚህ ዓመት ያነሳቸውን ፎቶዎች በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አይታችኋል። እኔ እዚህ የምጽፈው ከፎቶዎቹ በፊት ስለተሠራው፣ ማንም ስላላየው ሥራ ነው፤ አባላቱ ፊልማቸውን ከበጋ ሙቀት እንዴት እንደጠበቁ። በስልክ ካሜራ ላደጉ ልጆች ገና ያልተነሳበት ፊልም በተቀመጠበት ሊበላሽ መቻሉ አዲስ ነገር ነበር።

ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ፊልም ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ጨው ቅንጣቶች አሉት። ብርሃን ይለውጣቸዋል፤ ሙቀትም በጨለማ ውስጥ ሳይቀር ቀስ በቀስ ይለውጣቸዋል። እንዲህ ያለው ፊልም ሲታጠብ ጥርት ማለት የነበረበት ቦታ ጭጋግ ይለብሳል፤ ብርሃን የመቀበል ኃይሉም ይደክማል። ባለቀለም ፊልም ላይ ደግሞ ይብሳል። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን የተዘጋጁት ንብርብሮች እኩል ስለማያረጁ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ሲታተምም ሙሉ በሙሉ አይቃናም።

አባላቱ ይህን በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። በአንድ ጊዜ የተመረቱ ፊልሞችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ፣ ግማሹን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር አቆዩ። ከሳምንታት በኋላ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር አንስተው አንድ ላይ አጠቡ። ኔጋቲቮቹ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላቸው ተገልብጦ የሚታይባቸው የታጠቡት ፊልሞች፣ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የእኔ ማብራሪያ አላስፈለገም። መስኮት ሥር የከረመው ግራጫ ለብሷል፤ በጥላው ውስጥ የነበረው ዝርዝርም ጠፍቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊልም ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚሄድ ልጅ አላየሁም።

ከማከማቸቱ ይልቅ ያስቸገረን ጉዞው ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ላልተነሳበት ፊልም የሚመክረው ግን ከ21 ዲግሪ ያልበለጠ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ባዶ ካርቶኖች ውስጥ ቴርሞሜትር እየከተቱ ፀሐይ ላይ ፈተኑ። የፎም ሽፋን ሙቀቱን የሚያዘገየው እንጂ የሚያስቀረው አይደለም። እንዲያውም ቀዝቃዛ ነገር ያልገባበት የፎም ሣጥን አንዴ ከሞቀ በኋላ ማታ ቶሎ አይበርድም፤ ይህን ያስተዋለችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በጣም ኮርቼባታለሁ። ስለዚህ የቀዘቀዘ ጄል ከረጢት በወረቀት ጠቅልለን ከፊልሙ ሳናነካካ እንጨምራለን፤ ፊልሙ ደግሞ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል። ትዕዛዛችን በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲላክ እንጠይቃለን፤ አለዚያ ቅዳሜና እሑድን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ያሳልፋል። ዕቃው በሚደርስበት ቀን ተረኛ አባል ወዲያው ይረከበዋል።

ለማከማቻ የሳይንስ ቤተ ሙከራው ኃላፊ ከፍሪጃቸው አንድ መደርደሪያ ለቀውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያም በሚቀዘቅዝ ቦታ ይገባል። ፋብሪካው ያሸገው የፕላስቲክ ዕቃ እርጥበትን እንጂ ሙቀትን አይከላከልም። ከቅዝቃዜ የወጣን ፊልም ወዲያው መክፈትም አይገባም፤ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆንበታል። ከፍሪዘር የወጣ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም እንደታሸገ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲቆይ እናደርጋለን። ቸኩለው የሚመጡ ልጆችን ማስታገሱ ነው ከባዱ!

ፎቶ የተነሳበት ፊልም ከአዲሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብርሃን የጻፈው ገና ያልታየ ምስል ደካማ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት እየፋቁት ይሄዳሉ። የምንችለውን ያህል በዚያው ሳምንት አጥበናል።

ለዕረፍቱ የቀሩት ፊልሞች የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ተጽፎባቸው ፍሪዘር ውስጥ ናቸው፤ መዝገቡ በክበቡ ጸሐፊ እጅ ነው። አይኤስኦ (ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 3200 የሆኑት ግን ብዙ አይቆዩም። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር እንዲህ ያለውን ፈጣን፣ ማለትም ጥቂት ብርሃን የሚበቃውን ፊልም ቀድሞ ያጠቃል፤ ቅዝቃዜም አያግደውም። ስለዚህ ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳባቸው እነሱ ናቸው፤ የምሽቱን የስፖርት ውድድር እንዲያነሱባቸውም አባላቱ ከወዲሁ ተመድበዋል።