የመጀመሪያ አልበሙና ዘፈን ጫኝ ሱቆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የምታቀርቧቸው የአልበም ዳሰሳዎች በአብዛኛው ስማቸው በገነነ የአዲስ አበባ ድምፃውያን ላይ ያተኩራሉ። እኔ የምጽፍላችሁ እዚህ ደሴ፣ ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር ስለተሠራ አንድ የራፕ አልበም ነው። ባለቤቱ የእህቴ ልጅ ስለሆነ፣ ደብዳቤዬ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የእሱንም የአልበሙንም ስም ትቼዋለሁ።

ልጁ ቀድሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይሠራ ነበር፤ ለብቻው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አሥሩንም ዘፈኖች የቀዳው ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ በሰቀለበት የኪራይ ክፍል፣ ጎረቤት ከተኛ በኋላ ነው። በባቲ ቅኝት የሚሄድ ማሲንቆና የመንዙማ ቤት ድቤ አስገብቶበታል። በማሪቱ ለገሰ አምባሰል ላደገ እንደ እኔ ላለ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ራፕ ቶሎ የሚለመድ አይደለም፤ ከአሥሩ ሦስቱን፣ በተለይ እንግሊዝኛ የበዛበትን፣ እስካሁን አልወደድኩትም።

አራተኛው ዘፈን ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጁ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ነበር፤ እህቴ ግን ቤቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች፣ ስልኩም ተቋረጠ። ከብዙ ቀን በኋላ በእግሩ ወጥቶ ኔትወርክ ያገኘ አንድ ጎረቤት የላከለት መልእክት «እናትህ አለች» የሚል ብቻ ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ልጁ «ለ»ን አላልቶ አነበበውና፣ ምን ብላ ይሆን እያለ ቀጣዩን መልእክት ሲጠብቅ አደረ። በሕይወት አለች ማለት መሆኑን ያወቀው በማግስቱ ነው። በአዝማቹ «እናቴ አለች»ን ሦስት ጊዜ ይላታል፤ ሁለት ጊዜ አላልቶ፣ በሦስተኛው ድቤው ቆሞ፣ አጥብቆ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ «ሄደ»ን በ«ወሰደ» ቤት ማስመታት ለማንም አይከብድም፤ እንዲህ ያለውን ሁለት ፍቺ ያዘለ ኅብረ ቃል ግን በክፍሌ ስንት ዓመት ስፈልግ ኖሬ ብዙም አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት በከተማችን ፒያሳ ሳልፍ ይህንኑ ዘፈን ከአንድ ዘፈን ጫኝ ሱቅ ሰማሁት። ፍላሼን ሰጥቼ ብጠይቅ፣ አልበሙን ከሌሎች መቶ ከሚሆኑ ዘፈኖች ጋር በ30 ብር ጫነልኝ። ዘፋኙ የሚኖረው ከሱቁ በላይ ካለው ቅያስ መሆኑን ባለሱቁ አያውቅም።

በካሴት ዘመን ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ይወጣ ስለነበር፣ የሕገ ወጥ ቅጂ ኪሳራ መጀመሪያ የሚያርፈው በነጋዴው ላይ ነበር። አሁን አሳታሚውም፣ አከፋፋዩም፣ ተበዳሪውም ራሱ ልጁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎም የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለው ክፍያ፣ ጉዳይ ገብቶበታል። ይሁንና በ30 ብር ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው የለም፣ ልጁም ለጠበቃ የሚከፍለው የለውም።

ሱቆቹ ይዘጉ አልልም፤ የወጣቶች እንጀራ ናቸው፣ ለሰኞ ገበያ ከየገጠሩ የሚመጣውም ሰው አዲስ ዘፈን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ነገር ግን አልበሙን ከባለቤቱ በስምምነት ተረክበው፣ ከሚጭኑት ላይ ድርሻውን በየሳምንቱ በቴሌብር ቢልኩለት ምን ይጎድልባቸዋል? የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሱቆቹንና እንዲህ ያሉ ጀማሪዎችን አንድ ቀን ቢያገናኝ፣ ለውሉ ከአንድ ገጽ በላይ ወረቀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ይህንኑ ለባለሱቁ ነግሬው፣ ሳይቆጣ ሰምቶኝ የልጁን ስልክ ቁጥር ጽፎ ወስዷል። ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ዕለት ድረስ ግን አልደወለለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ከደሴ