ቀይ ቁጥር በሻንጋይ ጭማሪ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከሰሞኑ በውጭ ዜና ገጻችሁ፣ የሻንጋይ አክሲዮን ገበያ ሰሌዳ በቀይ ቁጥሮች ተሞልቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ «ገበያው አሽቆለቆለ» ከሚል መግለጫ ጋር ወጥቷል። በቻይና ገበያዎች ቀይ ቁጥር የዋጋ ጭማሪን፣ አረንጓዴ ደግሞ ቅናሽን ስለሚያመለክት፣ ፎቶግራፉ የሚያሳየው የመግለጫውን ተቃራኒ ነው።

ለዓመታት ከቻይንኛ ስተረጉም እንደታዘብሁት፣ የቀለም ስም ቀላል ስለሚመስል ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ አያጣራውም። ቻይናውያን «ሆንግ» የሚሉት ቀይ የደስታና የመልካም ዕድል ቀለም በመሆኑ፣ በባህሉ ሙሽራ ቀይ ትለብሳለች፤ ለአዲስ ዓመት ለልጆች የሚሰጠው ገንዘብም በቀይ ፖስታ ይደረጋል። ለለቅሶ የሚሰጠው ገንዘብ ግን በነጭ ፖስታ ነው፤ ነጭ የሐዘን ልብስ ነውና። «ቀይና ነጭ ጉዳይ» ሲሉም ሰርግንና ቀብርን በአንድነት መጥራታቸው ነው። ይሁን እንጂ ቀይ ሁልጊዜ መልካም አይደለም፤ በሕይወት ያለን ሰው ስም በቀይ ቀለም መጻፍ ከሞት ጋር ስለሚያያዝ እንደ ነውር ይቆጠራል። በብራና መጻሕፍታችን የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም ለክብር በቀይ ቀለም ሲጻፍ እያየ ያደገ ተማሪ፣ የቻይናዊ መምህሩን ስም በቀይ እስክሪብቶ ቢጽፍ ሳያስበው ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚን የሚያሳስተው «ኋንግ»፣ ማለትም ቢጫ ነው። በመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ዘመን ደማቅ ቢጫ ልብስ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት የተከለለ ነበር፤ በዛሬው ቋንቋ ግን ቃሉ ወሲብ ነክ ጽሑፍንና ፊልምን ይገልጻል። በመሆኑም «ሳኦ ኋንግ» የተባለውን የፖሊስ ዘመቻ «ቢጫን መጥረግ» ብሎ የሚተረጉም ዜና ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ማለትም ሚስቱ የወሰለተችበት ባል ማለት ስለሆነ፣ ለቻይናዊ ወዳጅ አረንጓዴ ኮፍያ በስጦታ ከመስጠት መቆጠብ ይገባል። «ቺንግ» የተባለው ጥንታዊ ቃል ደግሞ ስለ ሰማይ ሲነገር ሰማያዊን፣ ስለ ሣር ሲነገር አረንጓዴን፣ ስለ ጠጉር ሲነገር ጥቁርን ስለሚያመለክት፣ ቀጥሎት የሚመጣውን ስም ሳያዩ መተርጎም አይቻልም።

ስለዚህ የፎቶግራፉን መግለጫ በሚቀጥለው እትም እንድታርሙ፣ ከቻይና በሚመጡ ዜናዎች ላይም የቀለም ስም ሲያጋጥም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳይታተም እንድታደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቻይንኛ ተርጓሚ፤ ከአዲስ አበባ