ፍላሹን ልኬያለሁ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ከረሙ? የዓይንዎ ሞራ በደህና ወጣ ብላ እትዬ ነገረችኝ። ተመስገን። ጠብታውን ግን በቀን አራቴ ነው የተባለው። «ዛሬስ ተሽሎኛል» ብለው እንዳይዘሉት። ዓይንዎንም አይሹት።

እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ጥላለች። ወንዱ ሳህን ሲያጥብ የላኩትን ቪዲዮ አይተው ሳቁ አሉኝ። እዚህ ቤት በተራ ነው አባዬ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የሱ ነው።

ያሉኝን «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ልብ ወለድ፣ በሰው ልኬያለሁ። ፍላሹ ላይ ስጭነው ትንሽ ልስማ ብዬ ከፈትኩት። ያ ሳሎን መጣብኝ። እርስዎ ሶፋው ላይ፣ እኛ ምንጣፉ ላይ፣ እማዬ ማድ ቤት። በመጋረጃው በኩል ነበር የምትሰማው። ቡና ይዛ ስትገባ «ሰብለ ምን አለች?» ትለናለች። «ዝም በይ እስቲ፣ እንስማበት!» ይሏታል። ሙሉውን ሰምታው አታውቅም።

በዛብህ የሞተ ማታ እንባዎን በጋቢዎ ጫፍ ጠረጉ። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን «ጨካኝ አባት!» ብለው ረገሙ። እትዬ እጅዎን ልታስታጥብ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ጥቅምት ላይ ሽማግሌ መጣ፤ ጥር ላይ ተዳረች።

ፊታውራሪ «ለልጄ የሚመጥን ዘር የለም» ብለው የመጣውን ሁሉ መለሱ። እርስዎ የመጀመሪያውን ተቀበሉ። ልጅቷን ግን ሁለታችሁም አልጠየቃችሁም።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነበር፣ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ባልንም የቤቱ አለቃ ያደርግ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ያደረገው በ1992 ነው። ያኔ እትዬ የአራት ልጆች እናት ነበረች።

እኔን አስተምረውኛል፤ ውለታዎን አልክድም። ግን የመጀመሪያ ደብተሬ የእሷ ነበር። ግማሹ አልተጻፈበትም።

አሁንም ጠብታውን የምታደርግልዎ እሷው ናት። አንድ ቀን አመስግነዋት ያውቃሉ?

ከተቆጡኝም ይቆጡ። መድኃኒቱን ብቻ እንዳይተዉ።

ፍላሹ ሲደርስ እማዬ ከአጠገብዎ ትቀመጥ። ቡናውን ወንድሜ ያፍላ።

ልጅዎ