ሁለት አካፋ ለ24 ልጅ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ 24 አባላት ነበሩን። ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስበናል፣ ተጠሪዎች መርጠናል፣ በሚኒ ሚዲያም ሁለት ጊዜ ጽሑፍ አቅርበናል። ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ እበት ነው።

«ልጆቹን እበት ውስጥ ምን ወሰዳቸው?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። መልሴ ይኸው። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን የምትጥለው እበትና ሽንት 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሜዳ ላይ ስትግጥ ይህ በሰፊው ይበተናል፤ መሬቱም ይጠቀምበታል። መቶ ላሞች አንድ በረት ውስጥ ሆነው መኖ ከሩቅ ሲጫንላቸው ግን የብዙ ማሳ ንጥረ ነገር አንድ ቦታ ይከመራል። ሰብል የሚወስደው በልኩ ነው። የተረፈው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ፎስፈረሱ አፈሩ ላይ እየተጠራቀመ በጎርፍ ወደ ወንዝና ሐይቅ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ ለናይትሬት በተጋለጡ አካባቢዎች የፍግ ናይትሮጅንን በዓመት በሄክታር 170 ኪሎ ላይ የገደበው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ የወተት ላሞች እርባታ ጎበኘን። ከእበቱ ክምር ሥር፣ ከዚያ 20 እርምጃ፣ ከዚያ 100 እርምጃ ርቀን ቆፈርን። ክምሩ ሥር ያለው አፈር ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ የአሞኒያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንድም የምድር ትል የለም። መቶ እርምጃው ላይ አፈሩ በእጅ ሲይዙት ይፈረፈራል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መዳፏ ላይ 11 ትሎች ቆጠረች።

ከዚያ ቀና ብላ ሠራተኛውን «ጋሼ፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?» አለቻቸው። ከክምሩ በታች ያለውን ጉድጓድ አሳዩዋት። የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ስንነክረው ደማቅ ሮዝ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም በላይ ማለት ነው። ሰውየው «እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው፤ የልጅ ልጄም ጡጦ በእሱ ነው የሚበጠበጥላት» አሉ። ልጅቷ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበዛል። ለሕፃን ደግሞ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል» ብላ አስረዳቻቸው። በ14 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ወረቀቱ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ ላቦራቶሪ እንዲያስመረምሩ ነግረናቸዋል። ለሕፃኗ ከዚያው ዕለት ጀምሮ ውሃ ከሌላ ቦታ ይቀዳላታል።

ያልተሳካልንም አለ። የመጀመሪያው ኮምፖስታችን ውሃ በዝቶበት፣ ገለባ አንሶት ገማ። አጠገባችን ያሉ ክፍሎች ቅሬታ አቀረቡ፤ ልክ ነበሩ። ገለባ ጨምረን ስናገላብጠው ሙቀቱ 58 ዲግሪ ደረሰ፤ ብዙ ጀርሞችና የአረም ዘር የሚሞቱበት ሙቀት ነው።

ግን ሁለት አካፋ ለ24 ልጅ አይበቃም። ለውድድር ክበቦች ገንዘብ ሲገኝ ለእኛ «በጀት የለም» መባሉ ልጆቹን አሳዝኗል። የምንጠይቀው አራት አካፋ፣ አንድ ረጅም ቴርሞሜትርና ሁለት ፓኮ የመመርመሪያ ወረቀት ነው። ያንን ጉድጓድ ከዝናቡ በኋላ ተመልሰን እንደምንለካ ቃል ገብተናል። እጃችን ላይ የቀረው ወረቀት ሦስት ነው።