ሱቃችን መኖሪያ ቤት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሱቅ ኪራይ መናር ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዳኛለች። ዘጋቢው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ነጋዴውንም ከድንገተኛ ጭማሪ እንደሚጠብቀው፣ ተከራዩም መብቱን ቢያውቅ እንደሚበቃው ጽፏል። ይህ ስሕተት ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ገና ከርዕሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ይባላል። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም መንግሥት በሚያወጣው መጠን እንዲሆን፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የደነገገው ሰው ለሚኖርበት ቤት እንጂ ለሚነግድበት ሱቅ አይደለም። ርዕሱን እንኳ ሳያነቡ በሕግ ስም ሰውን ማጽናናት በእንጀራችን ላይ መፍረድ ነው።

የሱቅ ተከራይ ዋና መከታው የፈረመው ወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ አንቀጽ 1733 ደግሞ ቃሉ ግልጽ የሆነን ውል ዳኛ በትርጉም ሰበብ እንዳይለውጠው ይከለክላል። እኔ ይህን የተማርሁት ከፍዬ ነው። በጅማ ሕርማታ አካባቢ 18 ካሬ ሜትር የምትሆን የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ውሌ «ኪራዩ በየዓመቱ 20 በመቶ ይጨምራል» ይላል፤ በምን ላይ እንደሚጨምር ግን አይናገርም። እኔ በመነሻው 10,000 ብር ላይ በየዓመቱ 2,000 ብር እንደሚታከል፣ በአምስተኛው ዓመትም 18,000 ብር እንደምከፍል አስቤ ፈረምሁ። አከራዩ ግን ጭማሪውን ያሰላው ካለፈው ዓመት ኪራይ ላይ ነበርና 12,000፣ 14,400፣ 17,280 እያለ ዘንድሮ 20,736 ብር ደረሰ። ልዩነቱ በወር 2,736፣ በዓመት 32,832 ብር ነው። «በመነሻው ኪራይ ላይ» የምትል ሐረግ ብትጨመር ኖሮ ይህ ገንዘብ ወረቀትና ቀለም ይገዛልኝ ነበር።

የጋራ ወጪ የሚሉት ደግሞ ከኪራዩ የባሰ ነው። በየሦስት ወሩ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ይመጣልኛል፤ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የሊፍት ጥገና፣ ከታች ደግሞ «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለበት። ድምሩ ለተከራዮች እኩል ስለሚካፈል የእኔዋ 18 ካሬ ሜትር ላይኛውን ፎቅ ሙሉ ከያዘው አዳራሽ ጋር እኩል ትከፍላለች። ሱቄ ምድር ላይ ስለሆነች ሊፍቱን ረግጬው አላውቅም። ጄኔሬተሩም ወደ እኔ መስመር የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኔ በጨለማ ቆሞ ናፍጣውን የከፈልሁበትን ሞተር ድምፅ እሰማለሁ። ደረሰኝ ያሳዩኝ ብዬ ብጠይቅ የሕንጻው ተቆጣጣሪ «ውሉ ደረሰኝ ይቀርባል አይልም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አይልም።

ዘገባችሁ ይህን ሁሉ አንድም ቦታ አላነሣም። ያነጋገራቸው ነጋዴዎች በሙሉ የአዲስ አበባ ናቸው። እዚህ ጅማ የብዙው ሰው ኪስ የሚሞላው ቡና በሚለቀምበትና በሚሸጥበት ወቅት ነው፤ ክረምቱ ለአብዛኛው ሱቅ ደረቅ ነው። ብዙ ውል ጭማሪውን የሚጀምረው ግን በሐምሌ ወይም በመስከረም ነው። ጭማሪው ከጥር ይጀምር ብሎ መደራደር አከራዩን ብዙ ሳይጎዳ ተከራዩን ያተርፈዋል፤ ይህን ግን የጅማን ነጋዴ ካልጠየቁ አያገኙትም።

ከሁሉ የቆረቆረኝ ታናሽ እህቴ የልብስ ሱቅ ልትከራይ ውሉን ይዛልኝ መጥታ ስለ ጭማሪው አንቀጽ መደራደር እንዳለባት ስነግራት ጋዜጣችሁን አውጥታ «ጋሼ፣ አዋጁ እኮ ይከላከልልናል፣ ምን አጨቃጨቀን?» ማለቷ ነው። ውሏን እስክርቢቶ ይዤ አነበብሁት። ጭማሪው በምን ላይ እንደሚሰላና ከስንት በመቶ እንደማያልፍ አይገልጽም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በኪራዩ ውስጥ ይሁን ከላዩ ላይ የሚታከል አይታወቅም። «ማናቸውም የሕንጻው ወጪ በተከራይ ይሸፈናል» የሚለው አንቀጽ ደግሞ ከሁሉ ያስፈራል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ እንኳ በዚያ «ማናቸውም» በሚል ቃል ተሻግሮ እሷ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ወጪዎቹ አንድ በአንድ ተዘርዝረው በካሬ ሜትር እንዲካፈሉ፣ ደረሰኝ እንዲቀርብ፣ የጣሪያና የሊፍት ትልልቅ እድሳት የባለቤቱ እንዲሆን በዳር በዳሩ ጻፍሁላት። እሷ ግን የታተመ ጋዜጣን ከወንድሟ እስክርቢቶ ይልቅ ታምናለች፤ አልፈርድባትም።

ስለዚህ እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እህቴ ውሉን የምትፈርመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ሱቅ ተከራይ