ዕቃ ከመግጠማችን በፊት ፍሬኑን ለምን እንደምናይ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ? ቤተሰቡስ ደህና ነው?

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ቅር ብሏችሁ ከጋራዣችን ስለወጣችሁ ነው። ፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ ብረት) ሊያስገጥም የመጣ ሰው «መጀመሪያ ፍሬኑን እንየው» ሲባል፣ ትልልቅ ጎማ ገዝቶ የመጣው ደግሞ «ይሄ ለመኪናዎ አይሆንም፣ ሳይቆሽሽ ይመልሱት» ሲባል፣ ገንዘቤን ይዤ መጥቼ ምን አገባችሁ ቢል አይፈረድበትም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ምክንያቱን ቀደም ብለን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ በማንኛውም የቤተሰብ ፎርዊል (በአራቱም ጎማ የሚጎትት) መኪና ላይ ፍሬኑን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ ጎማውንና ራዲያተሩን ሳናይ ተጨማሪ ዕቃ አንገጥምም። ለማየቱ አናስከፍልም። የሚቀየር ነገር ከተገኘ አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ታዩታላችሁ፤ እኛ ጋ መቀየር ግን ግዴታ የለባችሁም።

እዚህ ላይ የደረስነው በመጽሐፍ አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ እኔ የጋራዡ ባለቤት፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ በፕራዶ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር። በዚያው ሳምንት ያስገጠምኩት ፖርቶ መጋላ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ታስሯል። ከፊቴ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እኔም ከኋላው ፍሬን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ፣ እይዛለሁ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። እናቴ «ምንድን ነው የሚሸተው ልጄ?» አለችኝ። የከባዱ መኪና የፍሬን ሸራ ነው ብዬ መለስኩላት። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩና ሞተሩ እየጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብኩ በተራራው በኩል ዳሩን ይዤ ቆምኩ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ትንሿ ልጄ አላለቀሰችም፤ የአያቷን ነጠላ ጨብጣ ዝም አለች። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተመለሰ። ያሳሰበኝም ይሄ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን «ተሻለው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ማታ የፍሬን ዘይቱን በብርጭቆ ቀዳሁት። አዲስ የፍሬን ዘይት እንደ ጠራ ብርዝ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ የእኔ ግን የጀበና ቡና መስሎ ወጣ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ሳይፈስ፣ ሳይጎድል፣ ዓመት በዓመት ውሃ ይጨምራል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሸራና ዲስኩ በረዥም ቁልቁለት ሲግል ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግራችሁ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ኃይል የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ዘይት ስለሚሆን ፔዳሉ ይመለሳል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የምንላችሁ ሥራ ፈልገን አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ሜዳ ከተማ ለሚኖር ሰው ሳይከዳ የቆየ ዘይት እዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊከዳ ይችላል።

አወራረዱም አለ። የወጣችሁበትን ዳገት ውረዱት በወጣችሁበት ማርሽ፤ የድሮ ሾፌሮች የሚሉት ይህ ቃል ዛሬም ልክ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ ወደ 3 ወይም ወደ 2 ዝቅ አድርጉት። ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጡ፣ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርድ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ቤተሰብ ጭኖ አይውረድ።

«ፎርዊል ስለሆነ ይይዛል» የሚል አነጋገርም ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ፎርዊል ከጭቃ ያወጣል፣ ዳገት ያስወጣል፤ በማቆም ግን ከትንሿ ቪትዝ አይለይም። የማንኛውም መኪና ፍሬን በአራቱም ጎማ ነው። እንዲያውም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍል ማርሽ) መኪና ከባድ ስለሆነ ለመቆም የበለጠ ይቸገራል።

ወደ ራዲያተሩ እንምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላ ደሴ ላይ ከባቲ ይልቅ እሳት የሚፈጀው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ደሴ ላይ ያለው መኪና ሁሉ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ውስጡን አምቆ ስለሚይዘውና ኩላንቱ (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) መፍያውን ከፍ ስለሚያደርገው ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ስትደርቅና ስትሰነጠቅ መኪናው ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና ሲሄድ ይከርምና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ይፈላል። ባለቤቱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ስናየው ክዳን ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልታችሁ የምትነዱ፣ ወይም ሰው መክሯችሁ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ በጊዜ አስተካክሉት። የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደግሞ ደሴ ጠዋት ላይ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል።

ወደ ፎርዊል የማስገባቱን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁን በደንብ እንግለጸው። መኪናችሁ በተለምዶ በኋላ ጎማ ብቻ ሄዶ ስትፈልጉ ወደ ፎርዊል የሚገባ ዓይነት ከሆነ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አታስገቡት። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ አክስሎች ሲታሰሩ ልዩነቱ መውጫ ያጣና ማስተላለፊያውን ያጨናንቀዋል። መሪው ከከበዳችሁና መኪናው እየተንቀጠቀጠ ከዞረ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለውም። አብዛኞቹ ፕራዶዎች ግን ሁልጊዜ በአራቱም ይጎትታሉ፣ መሐል ላይ ልዩነቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ዲፈረንሻል አላቸው፤ ለእነሱ የሚከለከለው ደረቅ አስፋልት ላይ እሱን መቆለፍ ነው። የተለመደው ራቭፎር ፎርዊል ቢሆንም ሎው (ቀስ ብሎ በኃይል የሚሄድበት ዝቅተኛ ማርሽ) የለውም፣ ስለዚህ ከፕራዶ ኋላ ተከትላችሁ ወደ ገደል መንገድ አትግቡ። መስከረም 21 ለጊሸን የምትወጡ ደንበኞቻችን ሎው የሚያስፈልጋችሁ ለዳገቱ ብቻ ሳይሆን ይበልጥ ለመውረዱ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ፎርዊሉን ሳትነኩት ከርማችሁ በጉዞው ቀን አልገባም እንዳይላችሁ፣ በወር አንዴ ጠጠር መንገድ ላይ አስገብታችሁ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት፤ ውስጡ ዘይት ያገኛል። ስለ ዘይት ከተነሳ ደግሞ የሞተሩን ብቻ አትቁጠሩ። የፊት ዲፈረንሻል፣ የኋላ ዲፈረንሻልና ከካምቢዮው (ከዋናው ማርሽ ቤት) ኋላ ያለው የፎርዊሉ ማርሽ ቤት ለየራሳቸው ዘይት አላቸው። በክረምት ወንዝ ከተሻገራችሁ እነዚህ ሳይታዩ አይደር። ከሩጫ የመጣ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ በጎማ ማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል። ሐምሌ ላይ የፈታነው አንድ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ መስሎ ነበር። ባለቤቱ ድምፅ እስኪሰማ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታውም ማርሹም አብሮ ይሄድ ነበር።

ጎማ ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። 2317 የሚል ጎማ በእኛ በ2009 ዓ.ም የተሠራ ነው፤ ፀጉሩ ገና ያልረገፈ «አዲስ» ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል። ስኮርት (መለዋወጫ) ጎማችሁንም በዚሁ ዓይን እዩት። ፎርዊል ላይ አራቱም በመጠንም በአሰላለቅም መመሳሰል አለባቸው፤ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ስታደርጉ ያንኑ የኩርባ ችግር ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ታመጡታላችሁ። የነፋሱን ልክ ከሾፌሩ በር ሥር ካለው ወረቀት ላይ ውሰዱ፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ትልቅ ጎማ አንገጥምም ያልነው ለዚህ ነው፦ ቁመቱ በአሥር በመቶ ሲጨምር ቆጣሪው 80 እያለ እናንተ 88 ትሄዳላችሁ፣ ፍሬኑም ያንን ትልቅ ጎማ ለማቆም አቅም ያንሰዋል።

ፖርቶ መጋላን አንጠላም፤ ሰባት ሰው ተጭኖ የክፍለ ሀገር ዕቃ ሌላ የት ይቀመጣል? ግን በብዙዎቹ የቤተሰብ መኪኖች ጣሪያው እንዲሸከም የተፈቀደለት ከ100 ኪሎ አያልፍም፣ ያውም የብረቱ ክብደት ተደምሮ። እኔ ያን ቀን ያሰርኩት አንድ ኩንታል ከብረቱ ጋር ልኩን አልፎታል። ከባዱን ዕቃ መቀመጫው ኋላ ወለል ላይ አድርጉ፣ ፍራሹንና ባዶውን ጀሪካን ከላይ።

ተጨማሪ መብራት የምትፈልጉ፣ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌይ በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ ሽቦ አንሠራም፤ እሳት ያስነሳል። ነጭ ኃይለኛ መብራት ጉም ውስጥ መልሶ ዓይናችሁን ይመታል፤ ጉም ሲወርድ የሚረዳችሁ ዝቅ ብሎ የተገጠመው የጉም መብራትና አጭሩ መብራት ነው። ከፋብሪካው ምንጣፍ ላይ ሌላ ምንጣፍ አትደርቡ፣ እየሸሸ ነዳጅ መስጫው ሥር ይገባል። ሕፃን ደግሞ ከፊት ጭን ላይ አይቀመጥ፤ ኤርባጉ የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው። የልጅ መቀመጫ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ማሰሪያው ከየት እንደሚያዝ እናሳያችኋለን።

በ2016 ዓ.ም ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችሁ ያለው መኪና ምትክ በቀላሉ የሚገኝለት አይደለም። ለዚህም ነው ለእያንዳንዱ መኪና ካርድ ያዘጋጀነው፤ የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍበታል። ካርዱ የእናንተ ነው፤ ወደ ሌላ ጋራዥ ብትሄዱም ለመካኒኩ አሳዩት።

መውሊድም ጊሸንም እየደረሰ ስለሆነ ወረፋው ይበዛል። ወደ ጃማ ንጉሥም ሆነ ወደ ጊሸን የምትሄዱ፣ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ኑ፤ ዋዜማ ላይ የመጣ መኪና ጎድሎ የተገኘውን ዕቃ አያገኝም። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርዱት መኪኖች ስለሚያጨናንቁን ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ብትመጡ ተረጋግተን እናያለን። ስትመጡ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ከቤት አትርሱ፤ ስኮርቱን አውርደን ስናይ በራሳችሁ ዕቃ መፈታቱን አብረን እንሞክራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋራዡ ባለቤትና ባልደረቦቹ