ይድረስ ለእማዬ፣ ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

ሐረር፣ ጥር 14

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እሑድ ስደውልልሽ ሦስቴ «የጆሮሽን ጠብታ አደረግሽ ወይ?» ብልሽ፣ ሦስቴም ስለ ውኃ መጥፋት መለስሽልኝ። በአራተኛው ጮኼብሽ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልጄ አቡሽ ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ለጥምቀት ያሰፋሽለት ልብስ ካሁኑ እያጠረው ነው። በቀደም ትኩሳት ይዞት «ጆሮዬን» ሲል ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ በሦስት ቀኑ ተሻለው። እሱስ በሕፃንነቱ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ የሳንባ ምችና የጆሮ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት ተከትቧል። ሁሉንም የጆሮ ሕመም ባይከላከልም ይረዳል። አገራችን የገባው በ2004 ነው፤ በእኔ ጊዜ አልነበረም።

ለገና ስትመጪ ከጆሮሽ የወሰድኩትን ናሙና፣ ላቦራቶሪያችን ባክቴሪያ በምናበቅልበት ሳህን ላይ የዘራሁት እኔው ነኝ። በማግስቱ ክዳኑን ስከፍት አረንጓዴ ቀለም ለቋል፣ የወይን ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሸተተኝ። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህን ሽታ ከስንት ሰው ሳህን አሽትቻለሁ፤ ያንቺ ስም ያለበት ሲሆን ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ደርድሬበት አሳደርኩት። ሴፍታዚዲም የሚባለውን መድኃኒት ተላምዶታል፤ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በተነከረው ወረቀት ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ተገኘ፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ 30 ሚሊ ሜትር፤ መድኃኒቱ ይሠራበታል ማለት ነው። ሐኪሙ ያንን ጠብታ ያዘዘልሽ ለዚህ ነው።

መሳቢያሽ ውስጥ ያለውን አሞክሲሲሊን አትዋጪው። ይህን ባክቴሪያ ድሮም አይነካውም፣ ተፈጥሮው ነው። በከንቱ በዋጥሽው ቁጥር መድኃኒቱን የሚላመዱት ሰውነትሽ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ናቸው።

መሳቢያ ስል ግን ሆዴ ይባባል። ስድስት ዓመቴ ነበር። አባባ ከምድር ባቡር ደመወዙ የገዛልኝን ቀይና ጥቁር ካፕሱል፣ የግራ ጆሮዬ መግል ደረቅ ሲል በሦስተኛው ቀን አቋርጠሽ፣ የተረፈውን ለወንድሜ ሳል አስቀመጥሽው። ለእኔ ሞቅ ያለ ዘይት ሆነልኝ። ሲደርቅ ሲያፈስ ሦስት ዓመት ሄደ፤ ታምቡሩ ተበሳ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስጫወት ትጠሪኛለሽ፣ ዝም እላለሁ፣ መጥተሽ በኩርኩም ትይኛለሽ። «እንቢተኛ!» እማዬ፣ እንቢተኛ አልነበርኩም። አልሰማሽም ነበር። ዛሬም በግራዬ አልሰማም፤ አብረን ስንሆን ሁሌ በግራሽ የምቀመጠው ለዚህ ነው። በአርባ አንድ ዓመቴ ገና ዛሬ ነገርኩሽ።

ካፕሱሉን ብጨርሰውም ላይበቃኝ ይችል ነበር። እንዲህ የቆየ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ የሚሻው ማድረቅና ጠብታ ነው። ይህንንም ያወቅሁት አንቺ የአንገት ወርቅሽን ሸጠሽ ስላስተማርሽኝ ነው። ቢሆንም ኩርኩሙ አልወጣልኝም። እሑድ እኔም ያንኑ አደረግሁብሽ፤ ይቅር በይኝ።

የምፈራውን ልንገርሽ። ስኳር ላለበት አዛውንት ይህ ባክቴሪያ ክፉ ነው፤ ከጆሮ አልፎ ወደ አጥንት ሊገባ ይችላል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ውጋት ከመጣብሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ወይም ፊትሽ ባንድ ጎን ከተጣመመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ሰንበት ነው፣ ሰው አስቸግራለሁ አትበይ።

ዘይት እንዳታደርጊ። ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠምዝዘሽ የጆሮሽን ፈሳሽ አስመጥጪው፤ ሲርስ ቀይሪው፤ ሲደርቅልሽ ነው ጠብታው የሚገባው። ቀዝቃዛ ጠብታ ራስ ያዞራልና ጠርሙሱን ጨብጠሽ ለብ አድርጊው።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ። ሳንኳኳ ስለማትሰሚኝ ቁልፉን ጎረቤት ተዪልኝ።

ልጅሽ